ሚዛኖቹ ለምን ይቀያየራሉ? የሰሞኑ ጥያቄዎች

የሰሞኑ ጥያቄዎች ሁሉ ዩኤስቢ ዩኤስቢ ይሸታሉ። በቡሬው ልጀምር።

ከቡሬ፦ «ሁለት ዲጂታል ሚዛን ከአንድ ሊኑክስ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቻለሁ። አንዱ ለጤፍ፣ አንዱ ለበርበሬ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይቀያየሩብኛል።»

በርበሬ በጤፍ ሂሳብ! ይኼማ ኪሳራ ነው። ጥፋቱ ግን የሚዛኖቹ አይደለም። ሊኑክስ በዩኤስቢ የሚሰካን እንዲህ ያለ ዲቫይስ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ» ብሎ ቁጥር ይጨምርበታል፤ ፕሮግራምዎም «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 ጤፍ፣ 1 በርበሬ» ብሎ የያዘ ይመስለኛል። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ቁጥር የሚያድለው ቀድሞ ላገኘው ነው። ወረፋ እንጂ ስም አይደለም። ሊኑክስ ዲቫይሶቹን በሚያሳይበት ዴቭ በተባለው ፎልደር ውስጥ፣ ሲሪያል በሚለው ፎልደር ስር «ባይ-አይዲ» አለ። እዚያ እያንዳንዱ ዲቫይስ በአምራቹ ስምና በሲሪያል ቁጥሩ ይገኛል። በፓይተን ከሆነ የሚሠሩት፣ ፓይሲሪያል የተባለው ላይብረሪ ፖርቶቹን ሲዘረዝር እነዚህኑ መለያዎች አብሮ ይሰጥዎታል። እነሱን አመሳክረው ይክፈቱ።

አንድ ጣጣ አለ። ሚዛንን ከዩኤስቢ የሚያገናኙት ርካሾቹ ሲኤች340 ቺፖች አብዛኛውን ጊዜ ሲሪያል ቁጥር የላቸውም። ሁለቱም በአምራችና በምርት ኮዳቸው «1ኤ86፣ 7523» ብለው ይመጣሉ፤ መንታ ናቸው። ያኔ ከ«ባይ-አይዲ» ጎን ያለውን «ባይ-ፓዝ»ን ይጠቀሙ። እሱ የሚለያቸው በተሰኩበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዎቹ ላይ ምልክት ያድርጉ። ቤት የሚጠርገው ልጅ ነቅሎ አዟዙሮ ከሰካቸው ተመልሰው እዚያው ነዎት።

ከደብረ ማርቆስ፣ ተማሪ፦ «በዊንዶውስ ዲቫይስ ስከፍት ሃንድሉ (የተከፈተውን መያዣ ቁጥር) ዜሮ አለመሆኑን አረጋግጣለሁ። ማንበብ ግን እምቢ ይለኛል።»

ክሪኤትፋይል፣ ማለትም ዲቫይሱን የሚከፍትልህ የዊንዶውስ ፈንክሽን፣ ሳይሳካለት ሲቀር የሚመልሰው ዜሮ ሳይሆን -1 ነው። ፍተሻህን ሰተት ብሎ ያልፋል። ከ-1 ጋር አነጻጽር። የስህተቱ ኮድ 5 ከሆነ ምናልባት ሌላ ፕሮግራም ፖርቱን ይዞታል።

ከባሕር ዳር፦ «በሊብዩኤስቢ (ከዩኤስቢ ዲቫይሶች ጋር በሚያነጋግረው ላይብረሪ) የዲቫይሶቹን ዝርዝር አምጥቼ፣ የምፈልገውን ዲቫይስ መርጬ፣ ዝርዝሩን እለቃለሁ። ከዚያ ልከፍተው ስል ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል።»

እህቴ፣ ዝርዝር ላይ መታየት ሌላ፣ መያዝ ሌላ። ጀበና በእጀታዋ እንጂ በሆዷ አትያዝም። እጀታው ሃንድሉ ነው፤ የሚገኘውም ዲቫይሱ ሲከፈት ነው። ዝርዝሩን ስትለቂ የእያንዳንዱን ዲቫይስ ቆጣሪ (ስንት ቦታ እንደተያዘ የሚቆጥረውን) በአንድ ቀንስ ካልሽው፣ ዜሮ የደረሰው ይጠፋል። አንቺ የያዝሽው ጠቋሚ የፈረሰ ቤት አድራሻ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ክፈቺ፣ ከዚያ ዝርዝሩን ልቀቂ። መክፈት ራሱ ቆጣሪውን በአንድ ይጨምረዋል። ስትጨርሺ መዝጋት እንዳይረሳሽ።

ከዳንግላ፦ «የእኔ ጭራሽ ዝርዝሩ ላይ አይወጣም።»

ገመዱን ቀይር። አንዳንዱ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፤ የዳታ ሽቦ የለውም። እኔም ሌሊቱን ኮዴን ስበረብር አድሬ ጠዋት ያገኘሁት ይህንኑ ነው።