«ብሮድ ስፔክትረም» ማለት ጠንካራ ማለት ነውን? ስለ ዶክሲሳይክሊን የተሰጠ መልስ

«ደብረ ብርሃን ላይ ለሳል ዶክሲሳይክሊን ታዘዘልኝ፤ ጎረቤቴ ያንኑ ካፕሱል ለተስቦ ወስዶት ነበር። አንድ መድኃኒት ለሁለቱም እንዴት ይሆናል? ብሮድ ስፔክትረም የሚባለው ከሌላው ስለሚጠነክር ነውን?» ብለው ለጠየቁት የቡድናችን አባል፦

በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት በማደል ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቃሉ የሚናገረው ስለ ጥንካሬ ሳይሆን መድኃኒቱ ስለሚደርስባቸው የባክቴሪያ ዓይነቶች ብዛት ነው። ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም፣ በተለይም 30ኤስ የሚባለውን ክፍል፣ ይይዝና ፕሮቲን የሚገነባበት አሚኖ አሲድ እንዳይጨመር ይከለክላል፤ ፕሮቲን መሥራት ያቆመ ባክቴሪያም መባዛት ስለማይችል የቀረውን የሰውነት መከላከያ ይጨርሰዋል። ይህ ክፍል በብዙ ባክቴሪያዎች ዘንድ ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ፔኒሲሊን የማይነካቸውን፣ የሕዋስ ግድግዳ የሌላቸውን ወይም በሰው ሕዋስ ውስጥ የሚደበቁትን ጭምር ያገኛቸዋል። የተስቦ አምጪው ከእነዚህ ከሚደበቁት አንዱ ስለሆነ ጎረቤትዎ የወሰዱት ትክክለኛውን ነው።

ደጋችን ብርዳማ በመሆኑ ልብስና ብርድ ልብስ ሳይታጠብ በሚቆይበት ጊዜ ቅማል ተስቦን ብቻ ሳይሆን የሚያገረሽ ትኩሳትንም ያስተላልፋል። ለዚህኛውም መድኃኒቱ ይሠራል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው መጠን በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ይችላል። ምክንያቱ ባክቴሪያው በአንድ ጊዜ በብዛት መሞቱ ነውና፣ ታማሚው ካፕሱሉን ይዞ ወደ ቤቱ ከመሄድ ይልቅ ጤና ጣቢያ ውስጥ ክትትል ቢደረግለት ይሻላል። መድኃኒቱ ከዚህ ሌላ ለኮሌራ፣ ለአንዳንድ የአባላዘር በሽታዎች፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮም ጥሬ ወተት ለሚያስከትለው ብሩሴሎሲስ ይሰጣል። ለትራኮማ የምናውቀው 1 በመቶ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርዱም ወባን ለመከላከል በሐኪም ትእዛዝ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ወባ ለያዘው ሰው ግን ብቻውን ሕክምና አይሆንም።

አወሳሰዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ የመንዝ አባት በጾም ወራት ካፕሱሉን ማታ በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጠው ወዲያው ተኙ፤ በማግሥቱ ምራቃቸውን መዋጥ እንኳ አቅቷቸው መጡ። ካፕሱሉ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላልና በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ተውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይገባል። የብረት ኪኒንና የጨጓራ ማስታገሻ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ አስረው ስለሚያስቀሩት በሰዓታት ይራራቁ፤ ወተትም በመጠኑ ይቀንሰዋል። ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል፤ እርጉዝና ትንንሽ ልጆች ያለ ሐኪም ውሳኔ አይወስዱትም፤ የልጅን ጥርስ ቀለም ሊያበላሽ ይችላልና።

የእርስዎን ሳል በተመለከተ፣ አብዛኛው የጉንፋን ሳል ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ቫይረስ ደግሞ የራሱ ራይቦዞም ስለሌለው ዶክሲሳይክሊን የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሐኪምዎ የሳንባ ምች ጠርጥረው ከሆነ ግን ማዘዛቸው ተገቢ ነውና የታዘዘልዎትን ቀን ሙሉ ይጨርሱ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ካፕሱሉን ከመድገም ይልቅ አክታዎን አስመርምሩ፤ ሳንባ ነቀርሳ በዶክሲሳይክሊን አይድንም።