ሀሳቡ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ሴቶች ሆነን መጽሐፍ እናነባለን። በዚህ ወር የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የቨርጂኒያ ዉልፍን «ሚስስ ዳሎዌይ» የተባለ ልቦለድ በእንግሊዝኛ ይዘናል። ሃምሳ ገጽ ደረስኩ፤ ሴትዮዋ ለግብዣዋ አበባ ከመግዛት በቀር ምንም አላደረገችም። ይባስ ብሎ የሚያስበው ማን እንደሆነ ይጠፋብኛል። አንዷ ጓደኛችን «ትልቅ ሥራ ነው» ስትል ሌላዋ «ባዶ ወሬ ነው» ትላለች። ችግሩ የኔ ነው የመጽሐፉ? ደግሞ እኔም አጫጭር ልቦለድ እሞካክራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ይጻፋል?
ር.፣ ከደሴ

መልስ፦ ር.፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ። እኔ ሃምሳ ገጽ እንኳ አልደረስኩም ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ ሁለቴ ጀመርኩት፣ ሁለቴም እዚያው አውሮፕላኑ ጋ ተውኩት። ታስታውሺው ይሆናል። አውሮፕላን በጭስ ሰማይ ላይ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ መንገደኛው ሁሉ አንጋጦ ፊደሉን ሊለይ ይሞክራል። አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው ሌላ ያነባል። «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብዬ ዘጋሁት።

በሦስተኛው ነው የገባኝ። አውሮፕላኑ ድልድይ ነው። ሁሉም አንድ ነገር ሲያዩ ደራሲዋ ከአንዱ ጭንቅላት ወደ ሌላው ትሻገራለች። የለንደኑ ትልቅ ሰዓት የቢግ ቤን ደወልም ሥራው ይኸው ነው፤ ሁሉም ይሰሙታል፣ እያንዳንዱ ግን የራሱን ነገር ያስብበታል። ስለዚህ ማን እያሰበ እንደሆነ ሲጠፋብሽ ጥቂት መስመር ተመለሺና አብረው ያዩትን ወይም የሰሙትን ነገር ፈልጊ። የተሻገርሽው እዚያ ላይ ነው።

«ምንም አልሆነም» ላልሽው ግን አልስማማም። ታሪኩ በሰኔ 1923 የለንደን አንድ ቀን ነው (ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው፤ ሌላ ካላልኩሽ ከዚህ በኋላም እንደዚያው ያዢልኝ)። በዚያ ቀን ሴፕቲመስ የሚባል ከጦርነት የተመለሰ ወጣት፣ የሞተ ጓደኛው በቁም እየታየው፣ ሐኪሞቹ ሳይረዱት ራሱን ከመስኮት ይወረውራል። ክላሪሳ ዳሎዌይ አይታው አታውቅም። ማታ የሐኪሙ ሚስት ወሬውን ግብዣው ላይ ይዛ ትመጣለች። ክላሪሳ እንግዶቿን ትታ ባዶ ክፍል ትገባለች፣ ያን የማታውቀውን ልጅ ራሷን የሚመስል ሆኖ ታገኘዋለች። (መጨረሻውን ስለነገርኩሽ አትቀየሚኝ። ይሄ መጽሐፍ በዚህ አይበላሽም።)

ዉልፍ መጽሐፉን እየጻፈች ሳለ፣ በዚያው በ1923፣ ከገጸ ባሕርያቷ ጀርባ ዋሻ እንደምትቆፍር፣ ዋሻዎቹም እንዲገናኙ እንደምትፈልግ ማስታወሻዋ ላይ አስፍራለች። አንቺ ለላሊበላ ቅርብ ነሽ። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በጨለማው ዋሻ ግድግዳ እየዳበስሽ አልፈሽ ከሆነ ከኔ በላይ ይገባሻል።

ዋሻውን ለምን ፈለገችው? በ1924 ባወጣችው ጽሑፍ ባቡር ውስጥ ያየቻቸውን አንዲት አሮጊት ታነሣለች፤ «ሚስስ ብራውን» ትላቸዋለች። ከሷ የቀደሙት ደራሲዎች የቤቱን ኪራይ፣ የአከራዩን ማንነት ይነግሩናል፣ ሴትዮዋን ግን ይረሷቸዋል ነው ቅሬታዋ። ባለፈው ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በታክሲ ስሄድ ይሄው ትዝ አለኝ። አጠገቤ አንዲት እናት የቲማቲም ፌስታል ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ይሁና» አሉ። ረዳቱ ሂሳብ ሲላቸው ደነገጡ። ምኑ ነው ይሁን የተባለው? ልጃቸው ነው? ዕዳ ነው? እስክወርድ ድረስ ከዚያች ቃል አልወጣሁም።

መቼም የዉልፍ ስም ከተነሣ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በየካቲት 1910፣ ገና ሳታገባ፣ ከጓደኞቿ ጋር ፊቷን አጥቁራ፣ ጢም ለጥፋ፣ «የአቢሲኒያ ልዑል» ነኝ ብላ የእንግሊዝን ባሕር ኃይል ዝነኛ የጦር መርከብ «ድሬድኖት»ን ጎብኝታለች። መኮንኖቹ በክብር ተቀበሏቸው። «አስተርጓሚው» ወንድሟ ነበር፤ አማርኛ መስሎ የቀረበው ላቲንና ግሪክኛ ነው። የባሕር ኃይሉ መሸወድ ያስቃል። ቀለሙ አያስቅም። የሰው ውስጥ ይታይ ብላ የተሟገተች ሴት እኛን በቀለምና በጢም ብቻ መጫወቷ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። መጽሐፏን ግን ከመውደድ አላገደኝም።

አሁን ወደ አማርኛሽ። ይጻፋል ወይ? እንዴታ! በ1962 ዓ.ም. ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የተባለ ልቦለዱን ሲያሳትም ያልተለመደ አተራረክ ሞክሯል። አዳም ረታም አለልሽ። ቋንቋው ራሱ ደግሞ ያግዝሻል። «ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሣ» እንላለን። ሰውየው ለማንም ምንም አልተናገረም፤ ያለው በሆዱ ነው። «በሩ አልከፈት አለ» እንላለን፤ በር እንኳ የራሱ ሀሳብ አለው!

ችግር የሚሆነው «ብላ አሰበች»ን በየመስመሩ ስንለጥፍ ነው። ይሄንን እዪው፦ «ባሏ ዛሬም ሊወጣ ነው ብላ አሰበች። ቡናውን ለማን ወቀጥኩት ብላም ተናደደች።» ዘገባ ነው። አሁን ደግሞ፦ «ጫማውን በር ላይ አውጥቶታል። ዛሬም ሊወጣ ነው። ይውጣ። ቡናውን ታዲያ ለማን ወቀጠችው?» «ወቀጥኩት» ብትይ ሙሉ በሙሉ ውስጧ ገባሽ። «ወቀጠችው» ስትይ ተራኪው ይናገር እሷ ታስብ አይለይም። የዉልፍ ቦታ እዚያ መሃል ነው። ባልና ሚስት ሲሆኑ ደግሞ ያቺ «ች» የማን ሀሳብ እንደሆነ ትጠቁምሻለች። ሁለት ሴቶች አንድ ክፍል ካስገባሽ ግን አለቀልሽ፤ ያኔ የራስሽን አውሮፕላን ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጀምስ ጆይስን ከየት ልጀምር? የማነበው ከሥራ በኋላ ሌሊት ነው፣ ረጅም አልችልም።
ከአቡዳቢ

መልስ፦ «ዩሊሰስ» የሚባለውን ረጅም ልቦለዱን ለጊዜው ተይው። የ1914ቱን የአጫጭር ልቦለድ መድበሉን «ደብሊነርስ»ን አግኚና «ኤቭሊን» የምትለዋን አንብቢ፤ ጥቂት ገጽ ናት። አንዲት የደብሊን ልጅ መስኮት ጋ ተቀምጣለች። ፍራንክ ከሚባል መርከበኛ ጋር ወደ ቦነስ አይረስ ልትሄድ ነው። ቤቱን፣ የአባቷን ቁጣ፣ ለሟች እናቷ የገባችውን ቃል ታወጣለች ታወርዳለች። ሻንጣ አዘጋጅቶ አልጋ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ከዚያ ወደብ ላይ መርከቡ ይጮሃል፣ ፍራንክ ይጠራታል፣ እሷ የብረቱን አጥር በሁለት እጇ ጨምድዳ ትቀራለች። እስከዚያ ድረስ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበርን። በመጨረሻው መስመር ግን ጆይስ ወደ ውጭ ያወጣንና ፊቷን ብቻ ያሳየናል፤ ዓይኗ ፍቅርም ስንብትም አይናገርም። ለምን እንደቀረች ባነበብኳት ቁጥር መልሴ ይቀያየራል። አንቺ ምን እንዳልሽ ጻፊልኝ።