ስልኬ «ልጅሽ ኦቲዝም ሊኖረው ይችላል» አለኝ፤ ልመነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ነው። ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው፤ አፉን በደንብ አልፈታም። ስድስት ሰባት ቃል ቢናገር ነው። የአክስቴ ልጅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ አፕ ላከችልኝ። ጥያቄዎቹን መለስኩ፣ ልጄ ሲጫወት የቀረጽኩትን ቪዲዮም ጫንኩ። «78 በመቶ የኦቲዝም ስጋት» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ሥራ ስውል ልጁን የሚይዙት አማቴ ናቸው፤ የሚያወሩትም በሲዳምኛ ነው። እሳቸው «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፣ አባቱም እንደዚሁ ነበር፣ ተዪው» ይላሉ። ማንን ልስማ? አፑ ደግሞ የ10 ዓመቷ ልጄ ወደፊት የአእምሮ ሕመም ያገኛት እንደሆነ እነግርሻለሁ ይላል። ልሞክረው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቁ። 78 የሚለውን ቁጥር ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና ከልጁ እንጀምር።

በ2 ዓመት አካባቢ አብዛኞቹ ልጆች ሁለት ቃል ማጋጠም ይጀምራሉ። «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» ይላሉ። በ2 ዓመት ተኩል ወደ 50 ቃል ይደርሳሉ። ስለዚህ ስድስት ሰባት ቃል ትንሽ ነው። አፑ ባይኖርም ልጅዎን ማየት እፈልግ ነበር። አማትዎ የሚናገሩት ከልምድ ነው፤ ዘግይተው ተናግረው ከእኩዮቻቸው ጋር የሚስተካከሉ ልጆች በእርግጥ አሉ። ግን የትኛው እንደሚስተካከል ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም። እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ከሆነ ደግሞ በ2 ዓመቱ መጀመርና በ5 ዓመቱ መጀመር በጣም ይለያያል። «ተዪው፣ ይናገራል» እየተባሉ ቆይተው ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል የመጡ እናቶች አሉ። እነሱን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አፍ አለመፍታት ብቻውን ግን ኦቲዝም ማለት አይደለም። ኦቲዝም ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ የሚነካ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጆሮ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እሱም ቀይ ወጥቶበታል። ከልጁ ኋላ ቆሜ ስሙን ጠራሁት፤ ዝም። ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት፤ ዝም። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ጣቴን ወደ መስኮቱ ቀሰርኩ። ጣቴን ተከትሎ አየ። ውጭ የቆመችውን ባጃጅ ሲያይ ሳቀ፤ የአባቱን እጅ ይዞ እየጎተተ ወሰደውና አሳየው። ያ ጉተታ ብዙ ነገር ነገረኝ። ያየውን ነገር ሌላ ሰው እንዲያይለት የሚፈልግ ልጅ ነው። ሲመረመር ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ታከመ፤ ቃላቱም ቀስ እያሉ መጡ። አፑ ስለ ጆሮው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም ነበር።

እርስዎም ቤት ይሞክሩት። ከኋላው ሆነው ስሙን ይጥሩት። የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ይጠቁማል? አንድ ነገር አስገርሞት ዞር ብሎ ፊትዎን ያያል? ሲያጨበጭቡለት አብሮ ያጨበጭባል? ይናገረው የነበረ ቃል ጠፍቶበት ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። የኦቲዝም ስጋትን ለመለየት የሚረዳ፣ ኤም-ቻት የሚባል 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅም አለ። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የሚያገለግል ነው፣ ክፍያ የለውም። ልጅዎ 27 ወሩ ስለሆነ አላለፈበትም። ከሐኪሙ ጋር ሆነው ይሙሉት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 1,000 ልጆች ይታዩን። ከ100 ልጅ አንዱ ኦቲዝም አለው እንበል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከ1,000ው 10 ልጆች ናቸው። አፑ 90 በመቶ ትክክል ነው ብለን እናክብረው። ከ10ሩ 9ኙን ያገኛቸዋል። ከቀሩት 990 ልጆች ግን 99ኙን በስህተት ቀይ ያደርጋቸዋል። በድምሩ 108 እናቶች ቀይ ያያሉ፤ ኦቲዝም ያለባቸው የ9ኙ ልጆች ብቻ ናቸው። «90 በመቶ ትክክል» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አይነግርዎትም። የእርስዎ ልጅ ንግግሩ ስለዘገየ ስጋቱ ከሌላው ልጅ ከፍ ይላል፣ ይህን አልሸሽግዎትም። ቢሆንም 78 የሚባል ነገር ልጅዎ ላይ ተጽፎ የለም።

በጥንቃቄ የተሠሩትም ቢሆኑ ገደባቸውን ያውቃሉ። አሜሪካ ውስጥ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 475 ሕፃናትን በታብሌት ካሜራ አይተው ነበር፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። መሣሪያው ካመለከታቸው 10 ልጆች ኦቲዝም የተገኘባቸው ወደ 4 ገደማ ናቸው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሐኪም ኦቲዝምን ሲመረምር የሚያግዝ ሌላ መሣሪያ ፈቅዷል። በ425 ልጆች ላይ ሲሞከር ከሦስት ልጆች ለሁለቱ ያህል «መወሰን አልችልም» ብሎ ነበር የመለሰው። ይህን እወድለታለሁ። የሚሰጠውም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። የእርስዎ አፕ ግን ሳያመነታ ቁጥር ሰጠዎት።

ሌላም ነገር አለ። እንዲህ ያለ አፕ የሚያውቀው የተማረባቸውን ልጆች ነው። የሐዋሳ ልጅ ከአያቱ ሲዳምኛ፣ ከእናቱ አማርኛ እየሰማ ያድጋል። ለአያቱ «አዶ» ለእርስዎ «ወተት» ካለ ሁለቱም ይቆጠሩለታል። በእንግሊዝኛ ለሚያድግ ልጅ የተሠራ አፕ ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግርን አያዘገይም። እባክዎ «ግራ ይጋባል» ብለው አማትዎን በሲዳምኛ እንዳያወሩት አይከልክሏቸው።

የ10 ዓመቷን በአፑ አይሞክሩት። ምርምሩ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የዚያው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከ11,000 በላይ አሜሪካውያን ልጆችን መረጃ ለማሽን አስተምረው የአእምሮ ጤና ስጋታቸው ሊጨምር የሚችለውን ለመለየት ሞክረዋል። የአንጎል ምስል ቢጨመርበት ብዙም አልጠቀመ። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የወጣው የእንቅልፍ መታወክ ነው። የቤት ውስጥ ጠብም ከሚመዝኑት አንዱ ነበር። ስለዚህ አፑ ከሚነግርዎት ይልቅ እነዚህን ያስቡባቸው። ልጅቷ በስንት ሰዓት ትተኛለች? ስልክ ይዛ ነው የምትተኛው? ድምፅ ከፍ ብሎ የሚያድርበት ሌሊት አለ? ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ማዘን፣ ከጓደኛ መሸሽ ወይም የትምህርት መውደቅ ካዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

ቪዲዮውን ከአፑ ላይ ያጥፉት፤ አካውንቱንም ይዝጉት። የልጅ ፊትና የጤና መረጃ እንደ ዋዛ የሚሰጥ ነገር አይደለም። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት።

በዚህ ሳምንት አቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ያጽፉ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል አለው፣ የአእምሮ ሕክምናም አለው። ስልክዎ ላይ ልጁ ቤት ውስጥ እንደ ልቡ ሲጫወት የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይያዙ። ሐኪም ቤት ሲገቡ ብዙ ልጆች ያለቅሳሉ፣ ዝም ይላሉ። አማትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ። ቀኑን ሙሉ አብረውት የሚውሉት እሳቸው ናቸው፤ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው፣ ሲርበው እንዴት እንደሚጠይቃቸው ሐኪሙ ከእሳቸው አፍ ይስማ።