ከተማህን የሚያስወስድብህ ዎንደሩ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን የድሮ ጨዋታ ያየሁ መሰለኝ። ሲቪላይዜሽን ፋይቭ የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ከሁለቱም ማስፋፊያዎች ጋር፣ ኢትዮጵያን ይዘህ፣ ኪንግ በሚባለው የክብደት ደረጃ ላይ ትጫወታለህ። እስከ 40ኛው ዙር ሰላም ነህ። 60 አካባቢ ወርቅህ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሕዝቡ ያኮርፋል፣ ጎረቤት መጥቶ ዋና ከተማህን ይወስዳል። መጀመሪያ ምን ልሥራ ነው ያልከው። የሠራኸውንም በተራ ጽፈሃል፤ ሁለት ዋሪየር (ተራ ወታደር)፣ ስቶንሄንጅና ግሬት ላይብረሪ (ሁለቱም ዎንደር ናቸው፤ ቀድሞ የጨረሰ አንድ አገር ብቻ የሚያገኛቸው ታላላቅ ሕንጻዎች)፣ ከዚያ ሴትለር (አዲስ ከተማ የሚመሠርተው)።

ችግሩ እዚያው ዝርዝርህ ውስጥ ነው። ሴትለሩ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ስካውት (አገር ቃኚ) የለም። ወርከር (መሬት የሚያለማ ሠራተኛ) የለም። ቀስተኛ የለም።

በመዶሻ እናስላው (መዶሻ የምለው ያቺን የምርት ምልክት ነው)። በመደበኛ ፍጥነት ግሬት ላይብረሪ 185 መዶሻ ይበላል። ሴትለር 106 ነው። ሐውልቱ፣ ማለትም የእኛው ስቴሌ፣ 40 ነው። ስካውት 25። ሦስቱን ደምራቸው፤ 171። በአንድ ዎንደር ዋጋ አዲስ ከተማ፣ ሐውልትና ስካውት አግኝተህ ገና 14 መዶሻ ይተርፍሃል። ደግሞ ዎንደሩን ሌላ አገር ከቀደመህ የሚመለስልህ ትንሽ ወርቅ ብቻ ነው። እኔ አንዴ ግሬት ላይብረሪ አንድ ዙር ሲቀረኝ ተቀድሜያለሁ። ላፕቶፑን ዘግቼ ወጥቼ የጅማን መርካቶ ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

እዚህ ጅማ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ጨዋታውን የተማርኩት ክረምት ክረምት ነው፤ የጅማ ዝናብ ሲይዝ ደንበኛ ስለማይመጣ። ያን ጊዜ እንዳንተው ነበር የምጫወተው። ቆንጆ ነገር መገንባት እወድ ነበር። አንድ ጊዜ ግሬት ላይብረሪም ሀንጊንግ ጋርደንስም ተሳካልኝ። አንድ ከተማ፣ ሁለት ዎንደር፣ ሁለት ዋሪየር። ውጤቱን ስክሪንሻት ሁሉ አንስቼ ለጓደኛዬ ልኬያለሁ። ከዚያ ከምሥራቅ በኩል ግንድ የሚገፉ ሰዎች ብቅ አሉ። አቲላ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የሚያጫውተው የሁኖች መሪ። የሁኖቹን ባተሪንግ ራም ካላየህ አታውቀውም፤ ከተማ ለመስበር ብቻ የተሠራ ነገር ነው። ከኋላቸው ፈረሰኛ ቀስተኞች። በሦስት ዙር አለቀ። ሌላ ከተማ ስላልነበረኝ ጨዋታውም አብሮ አለቀ። እንዲያ የሳሳሁላቸው ሁለቱ ዎንደሮች የአቲላ ሆኑ።

በጣም ያናደደኝ መሸነፉ አይደለም። አቲላ ጎረቤቴ መሆኑን ያወቅሁት በዚያች ቀን ነው። 50 ዙር ሙሉ አጠገቤ ነበር፤ እኔ ግን ወጥቼ አላየሁም።

ስለዚህ ተመልሼ የመጀመሪያውን አውቶሴቭ ከፈትኩ። ጨዋታው ገና ሲጀመር ራሱ የሚያስቀምጠው ፋይል አለ፤ ያው ካርታ፣ ያው ጎረቤት፣ ያው ወንዝ። አንተም ይህን አድርግ። በአዲስ ካርታ አሥር ጊዜ ከመሸነፍ በአንድ ካርታ ሦስት ጊዜ መጫወት የበለጠ ያስተምራል፤ ምን እንደቀየርክና ምን እንደተቀየረ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ይሄ ኩረጃ ነው የሚል ካለ ይበል።

በሁለተኛው ጨዋታ መጀመሪያ ስካውት ሠራሁ። ከዚያ ሌላ ስካውት። ሁለት ስካውት ብዙ ይመስላል፤ አይደለም። አዲስ ሲቲ ስቴት (አንድ ከተማ ብቻ ያላት ትንሽ አገር) ከሁሉ ቀድመህ ካገኘህ 30 ወርቅ ይሰጥሃል፣ ሌላ ሰው ቀድሞህ ከሆነ 15። አራቱን ቀድመህ አገኘህ ማለት 120 ወርቅ ነው። በመንገድ ላይ ያሉት ፍርስራሾች ደግሞ ባህል ወይም ወርቅ ወይም የሕዝብ ጭማሪ ይሰጡሃል። አንዳንዴ ስካውቱን ራሱን ቀስተኛ ያደርጉልሃል፤ ያ ቀን ሰርግ ነው። ዋናው ግን ማየቱ ነው። የት ወርቅ አለ፣ የት ዝሆን አለ፣ የት ተራራ መንገድ ይዘጋል፣ ማን አጠገብህ አለ። ጋንዲ ከሆነ ትንሽ ትተነፍሳለህ። ጦረኞቹ አቲላ፣ ሻካ ወይም ሞንቴዙማ ከሆነ እቅድህን እዚያው ትቀይራለህ።

ከስካውቶቹ ቀጥሎ ሐውልቱ ነው። ብዙ ልጆች ኢትዮጵያን ይመርጡና ይችን ነገር ሳያስተውሏት ያልፋሉ። ሌላው አገር ሞኑመንት ሲሠራ ባህል ብቻ ያገኛል። እኛ በዚያው 40 መዶሻ በየዙሩ 2 እምነት (የሃይማኖት ነጥብ) ይጨመርልናል። ምንም ቴክኖሎጂ አያስፈልገውም፤ ከመጀመሪያው ዙር ክፍት ነው። የመጀመሪያው ፓንቴዮን (የሃይማኖት መነሻ የሆነው በረከት) 10 እምነት ነው የሚጠይቀው። በአምስት ዙር ሞላ ማለት ነው። ሌላው ሰው እምነት የሚሰጠውን ሽራይን (ትንሽ መቅደስ) ለመሥራት ገና ፖተሪ (የሸክላ ሥራ) እያጠና ነው። የቀደመ ይመርጣል፣ ለዘገየው ደግሞ ዋጋው ይጨምርበታል። ለዚህ ነው ስቶንሄንጅ ለኛ የማያስፈልገን፤ የእምነት ችግር የለብንም። እውነተኛውን የአክሱም ሐውልት ከሮም ለማስመለስ እስከ 1997 ዓ.ም. ጠብቀናል፤ እዚህ በ40 መዶሻ ይቆማል።

ፓንቴዮኑን መሬትህን አይተህ ምረጥ። በረሃ ላይ ከወደቅህ ዴዘርት ፎክሎር (ከበረሃ መሬት እምነት የሚሰጠው) ሌላ ጥያቄ የለውም። እኔ ግን የምወደው ሴክረድ ፓዝን ነው፤ እያንዳንዱ የጀንግል መሬት 1 ባህል ይሰጣል። ጨዋታው ጀንግል የሚለው ጥቅጥቅ ያለው ጫካ ብዙ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚመነጥረው ነው። እኔ አልነካውም። ምናልባት የቡና አገር ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፤ ጥላውን ቆርጠህ ቡና የለም።

ፖሊሲ ላይ (ባህል ሲጠራቀም የምትመርጠው ነው) ትራዲሽን የሚባለውን ዘርፍ ክፈት፣ ከዚያ በውስጡ ያለውን ሊጋሊዝም። ሊጋሊዝም ለመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞችህ የባህል ሕንጻ በነጻ ይሰጣል፤ ለኛ ደግሞ ያ ሕንጻ ሐውልቱ ነው። የዋናውን ከተማ በእጅህ ትሠራዋለህ፣ ቀጣዮቹ በነጻ ይቆሙልሃል። ይህን ሳላውቅ ሁለተኛ ከተማዬ ላይ ሐውልት ስገነባ፣ ሁለት ዙር ሲቀረው ነጻው መጣ። አይ አለማወቅ!

አሁን ወደ ወርቁና ወደ ኩርፊያው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፣ የአንተ ዋና በሽታ ይሄ ነውና።

ወርከርህን አውቶማቲክ አድርገኸዋል ብዬ እወራረዳለሁ። አውቶማቲክ ወርከር መንገድ ይወዳል። እያንዳንዷ የመንገድ ካሬ በየዙሩ 1 ወርቅ ትበላለች። አሥር ካሬ መንገድ ለሦስት ሰው ከተማ ከዘረጋህ፣ ከተማው የሚያመጣልህ የንግድ ገቢ መንገዱን እንኳ አይሸፍንም። አውቶማቲኩን አጥፋ። መንገድ ከተማው አድጎ ወጪውን መሸፈን ሲችል ትዘረጋለህ። መጀመሪያ ወርከሩ የሚሄደው ወደ ለግዠሪው (የቅንጦት ሀብት) ነው፤ ወደ ወርቁ፣ ሐሩ፣ ዝሆን ጥርሱ። ምክንያቱም ደስታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አዲስ ከተማ በመመሥረቱ ብቻ 3 ደስታ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ነዋሪ ደግሞ 1 ይቀንሳል። አዲስ ዓይነት ለግዠሪ 4 ይጨምራል። ስለዚህ አዲስ ዓይነት ለግዠሪ የሌለበት ቦታ ላይ ሦስተኛ ከተማ መሥርተህ ሕዝቡ ለምን ያኮርፋል ብትል፣ መልሱ መሬቱ ላይ ተጽፏል። ያው ዓይነት ሁለት ካለህ ደስታው አይደገምም። ሁለተኛውን ሽጠው። ጎረቤቶችህ ለ30 ዙር፣ በየዙሩ 6 ወይም 7 ወርቅ ይከፍሉሃል። ሦስት ትርፍ ለግዠሪ ሸጠህ 20 ወርቅ አካባቢ በየዙሩ እየገባህ ከዜሮ በታች አትወርድም። ለአቲላም ቢሆን ሸጬለታለሁ። ንግድ ንግድ ነው።

እዚህ ላይ አባ ጅፋርን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ የጅማ ልጅ ነኝ። ዳግማዊ አባ ጅፋር የምኒልክ ጉልበት ወዴት እንደሚሄድ ቀድመው አይተው ነው የገበሩት። በዚያም የሂርማታ ገበያ ሳይቃጠል፣ የራሳቸው አስተዳደር ሳይፈርስ ረጅም ዘመን ቆዩ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ኮረብታ ላይ አለ፤ ወጥተህ ማየት ትችላለህ። በጨዋታውም ጠንካራ ጎረቤት ካለህና አንተ ገና ካልጠነከርክ፣ ንግድህን ከሱ ጋር አድርግ። የሱን ጠላት አታቅፍ። ድንበሩ ጥግ ድረስ ሄደህ ከተማ አትትከል። ትንሽ ወርቅ ብትሰጥም አትሞትም።

አትሞትም ስልህ ግን ባዶ እጅህን ሁን አላልኩም። በዚያ ሁለተኛ ጨዋታ አቲላን ገና በጠዋቱ ስላገኘሁት አርቸሪን (የቀስት ቴክኖሎጂን) ቀድሜ አጠናሁ። አራት ቀስተኛ ሠራሁ። ሁለተኛ ከተማዬን ከወንዝ ማዶ፣ ኮረብታ ላይ፣ በሱና በኔ መካከል ተከልኩት። ኮረብታ ላይ ያለ ከተማ ለመስበር ይከብዳል፤ ለራስህም ከመጀመሪያው ቀን የተሻለ መዶሻ ይሰጥሃል። ወንዝ ተሻግሮ የሚመታ እግረኛ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። ራሞቹ መጡ፣ እንዳሰብኩት። ባተሪንግ ራም ከተማ እንጂ ወታደር መምታት አይችልም። ስለዚህ ቀስተኞቼን ከተማው ኋላና ጎን አቆምኩ፣ ከተማውም ራሱ በየዙሩ ይተኩሳል። ራሞቹ ወንዙ ጋ ደርሰው እዚያው ቀሩ። ፈረሰኞቹ አንድ ቀስተኛ ገደሉብኝ። ከዚያ ሰላም እንፈራረም ብሎ ራሱ መጣ፤ ወርቅ ጨምሮ! ሱቁ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፣ ጎረቤቴ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ምን ሆንክ ብላ መጣች።

አንድ ነገር ረድቶኛል። ኢትዮጵያ የአድዋ መንፈስ የሚባል ችሎታ አላት። ከኛ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስንዋጋ ወታደሮቻችን 20 በመቶ ይጠነክራሉ። ስለዚህ አምስት ስድስት ከተማ ለመትከል አትሩጥ። ሦስት፣ ቢበዛ አራት ጥሩ ከተማ ይዘህ ጎረቤትህ ሲሰፋ ዝም ብለህ እየው። በሰፋ ቁጥር አንተ ላይ ሲመጣ ይከብደዋል። ትራዲሽንም የሚወደው አራት ከተማ ነው፤ ሁለቱ ይገጥማሉ።

ላይብረሪን በሚመለከት፣ ግሬቱን ተወውና ተራውን ሥራ። በሁሉም ከተማህ ላይብረሪ ሲኖር ናሽናል ኮሌጅ ይከፈትልሃል፤ ለዋናው ከተማ 3 ሳይንስና 50 በመቶ ጭማሪ ነው። ይሄን ማንም አይቀድምህም፣ የራስህ ብቻ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ከተማ ይዘህ ኮሌጁን ጨርስ፣ አራተኛውን ከዚያ በኋላ ትከል። አለዚያ አዲሱ ከተማ ላይብረሪ እስኪሠራ ኮሌጁ ይቆምብሃል።

ስለ ከተማ ውስጥ ሰዎች አደላደል አንድ የቆየ ዘዴ ልንገርህና ልሂድ። የምግብ መሬቶቹን በእጅህ ቆልፋቸው፣ ከዚያ ከተማውን ምርት ላይ አድርገው። ከተማው ሲያድግ አዲሱ ሰው በዚያችው ዙር መዶሻ መሬት ላይ ይቀመጥና መዶሻው ይቆጠርልሃል። ትንሽ ነው፣ ግን መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ትንሽ ነው። ሴትለር ስትሠራ ደግሞ ከተማው ማደግ እንደሚያቆም አትርሳ፤ ሦስት አራት ሰው ሳይሆን አትጀምረው።

መብራት እየጠፋ ጨዋታህን ወደ ኋላ እንደሚመልስብህ የጻፍከውንም አይቻለሁ። 58ኛው ዙር ላይ ጠፍቶ ወደ 48 መመለስ ያማል። ኦፕሽን ውስጥ አውቶሴቩን በየአንድ ዙር አድርገው። ላፕቶፕህ አሮጌ ከሆነና ካርታው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኤፍ 10 ተጫን፤ ጠፍጣፋ፣ ሰሌዳ የመሰለ ካርታ ይመጣል። አያምርም፤ ግን ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ ባትሪውም ይቆይልሃል። እኔ ጋ ፋኑ ተቃጥሎ ከሚመጣው ላፕቶፕ ውስጥ ስንቱ የጌም እንደሆነ ብነግርህ ትስቃለህ።

አሁን የተሸነፍክበትን ካርታ የመጀመሪያውን ሴቭ ክፈት። ስካውት፣ ስካውት፣ ሐውልት፣ ወርከር ወይም ቀስተኛ (ጎረቤትህን አይተህ)፣ ከዚያ ሴትለር። ዎንደር እስከ 60ኛው ዙር አትንካ፤ እጅህን ቢበላህም። 30ኛው ዙር ላይ አቁምና ጎረቤትህ ማን እንደሆነ፣ ስንት ለግዠሪ እንዳለህ፣ በየዙሩ ስንት ወርቅ እንደሚገባህ ጻፍልኝ። ሻካ ከሆነ ግን 30ን አትጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ጻፍ።