መልስ፦ ለጉልበት ሕመም 42 ጥያቄ ምን ያደርጋል?
ወንድሜ፣ እናትህ ፊዚዮቴራፒ ሲሄዱ የሞሉት ባለ 42 ጥያቄ ቅጽ «ኩስ» (KOOS) ይባላል፤ ሕመምተኛው ራሱ ስለ ጉልበቱ የሚሞላው መጠይቅ ነው። ስሙን ሰምተህ አትሳቅ።

«ራጅ ተነስተው የለ?» ላልከው፣ ራጅ አጥንቱን እንጂ ሕመሙን አያሳይም። በራጅ ጉልበቱ ያለቀ መስሎ ደረጃ እንደ ልቡ የሚወጣ ሰው አለ።

ቅጹ የሚጠይቀው ያለፈውን ሳምንት ነው፤ ደረጃ መውረድ፣ ካልሲ ማጥለቅ፣ ከአልጋ መነሳት። መልሱ ከ0 እስከ 4 ይያዛል። የቅጹ አዘጋጆች መንበርከክን «ስፖርት» በሚለው ክፍል ውስጥ መክተታቸው ይገርመኛል። ለእናትህ ስግደት እንጂ ስፖርት አይደለማ!

ሕመም፣ ምልክት፣ የዕለት ሥራ፣ ስፖርትና የኑሮ ጥራት ለየብቻ ከ100 ይሰላሉ። ግን ልብ በል፣ 100 ማለት ምንም ችግር የለም ማለት ነው። የእናትህ ውጤት «ሕመም 38» ነው ያልከውን፣ ሕመሙ ትንሽ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ። ከወር በኋላ ሲሞሉ ከዚሁ ጋር አስተያየው።