ስለ ቴሪየሮችና ስለ ፊልም ውሾች፦ ጥያቄና መልስ

የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እንደ አቅሜ መልሻለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቴሪየር ማለት በጉድጓድና በድንጋይ መካከል የሚደበቅ አውሬ ለማደን የወጣ የውሻ ወገን ነው።

ጥያቄ፦ በ1939 በወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ፊልም ላይ ያለው ቶቶ የምን ዝርያ ነው?

መልስ፦ ኬርን ቴሪየር ነው፤ በስኮትላንድ ደጋማ ምድር በድንጋይ ክምር መካከል እየተሽሎከሎከ አውሬ ያድን የነበረ ዝርያ። ቶቶ በታሪኩ ወንድ ቢሆንም የተጫወተችው ቴሪ የተባለች ሴት ውሻ ነች። በሳምንት 125 ዶላር ይከፈልላት እንደነበር ይነገራል። በቀረጻው ላይ ወታደር ሆኖ የሚጫወት ሰው እግሯን ረግጧት ለጥቂት ጊዜ ሌላ ውሻ ተክታት ሠርታለች።

ጥያቄ፦ ድምፅ እየተቀዳ አሠልጣኙ ውሻውን በምን ያዘዋል?

መልስ፦ በእጅ ምልክት። ድምፅ አልባ ፊልም በሚሠራበት ዘመን አሠልጣኙ ከካሜራው አጠገብ ሆኖ እንዳሻው ይጮህ ነበር። ድምፅ መቀዳት ሲጀምር ያ ቀረ፤ የቴሪ አሠልጣኝ ካርል ስፒትዝም ውሾቹን ያለ ቃል በእጁ በማዘዝ ይታወቅ ነበር። ውሻው ተዋናዩን ትክ ብሎ ሲያይ ብትመለከቱ፣ ብዙ ጊዜ የሚያየው ከተዋናዩ ትከሻ በስተጀርባ የቆመውን አሠልጣኙን ነው።

ጥያቄ፦ የተዋናዩን ፊት የሚልሰውስ ወዶት ነው?

መልስ፦ የወደደው በፊቱ ላይ የተቀባውን የጉበት ቅባት ወይም የዓሣ ዘይት ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ «ዘ አርቲስት» የተባለውን ፊልም አይተው ጃክ ራስል ቴሪየር ግዛልን እያሉ አስጨነቁኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ይቅርብዎ። ዝርያው ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ዴቨን ከነበሩት አደን ወዳድ ቄስ ከጆን ራስል ነው። ውሻው ቀበሮ ተከትሎ ጉድጓድ ይገባል፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያዘው ሰው ስለሌለ በራሱ ይወስናል፣ ከላይ ያሉት አዳኞች እንዲሰሙትም ይጮሃል። ይህንኑ ጠባይ ይዞ ነው ቤትዎ የሚመጣው። ሶፋዎን ይቆፍራል፤ ጎረቤትም ሰላም አያገኝም።

የዝነኞቹን ታሪክ ደግሞ ይስሙ። በ«ዘ አርቲስት» የተጫወተው አጊ ሁለት ባለቤቶች አልቻልነውም ብለው የተዉት ውሻ ነበር፤ አሠልጣኙ ኦማር ፎን ሙለር ባይወስደው መጨረሻው የባዘኑ ውሾች ማቆያ ነበር። «ፍሬዥር» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ኤዲን ሆኖ የሠራውን ሙስንም የመጀመሪያዎቹ አሳዳጊዎቹ በማኘኩ፣ በመቆፈሩና በጩኸቱ ተማርረው ሰጥተውታል። ቴሪም ስፒትዝ ዘንድ የደረሰችው ቤት ውስጥ እየሸናች ስላስቸገረች ለሥልጠና ተልካ ነው፤ ባለቤቶቿ ተመልሰው አልወሰዷትም። ለፊልም ያበቃቸው ያው አልታክት ባይነታቸው ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚሰጣቸው ሰው አገኙ። እርስዎ ያ ጊዜ አለዎት?

ጥያቄ፦ ቴሪየር ሁሉ ትንሽ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ኤርዴል ቴሪየርን ይመልከቱ፣ ቁመቱ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የቲቤት ቴሪየር የሚባለው ግን በስም ብቻ ነው እንጂ ከቴሪየሮች ወገን አይደለም።