ሮሚዮን የገደለው ዕድሉ ነው ጠቡ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከጓደኛዬ ጋር ልንኳረፍ ደርሰናል። የሼክስፒርን «ሮሚዮና ዡልየት» ከበደ ሚካኤል በተረጎሙት አንብበን፣ እኔ ልጆቹን የበላቸው የቤተሰቦቻቸው ጠብ ነው አልኩ። እሱ ደግሞ «የምን ጠብ! ደብዳቤው በሰዓቱ ቢደርስ ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር፣ ዕድላቸው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ማናችን ነን ልክ? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስለ ጠብ ስታወሩ መጣላታችሁ አሳቀኝ።

ስለ ደብዳቤው ጓደኛሽ አልተሳሳተም። ሁለቱን በድብቅ ያጋቧቸው አባ ሎሬንስ ለዡልየት 42 ሰዓት እንደ ሬሳ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጧት፣ ምስጢሩን ለሮሚዮ ጽፈው መነኩሴ ላኩ፣ መነኩሴው ግን ወረርሽኝ ያለበት ቤት ገብቷል ተብሎ ተጠረጠረና በሩ ታሸገበት። ደብዳቤው ሳይደርስ ቀረ፣ ሮሚዮም የእውነት ሞታለች ብሎ ራሱን ገደለ። አለቀ። ግን ሮሚዮ ማንቱዋ የምትባል ሌላ ከተማ ምን ይሠራል? ከከተማው ከቬሮና ተባሮ ነዋ። ለምን ተባረረ? ቲባልትን ገድሎ።

እሷን ትዕይንት መለስ ብለሽ አንብቢያት። ሮሚዮ ዡልየትን በድብቅ ካገባ ገና አንድ ሰዓት ገደማው ነው። የአጎቷ ልጅ ቲባልት መንገድ ላይ አግኝቶ ይሰድበዋል። ሮሚዮ ከምታስበው በላይ እወድሃለሁ ይለዋል እንጂ ለምን እንደሚወደው መናገር አይችልም። «ዘመዴ ሆነሃል» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣው ታሪኩ ሌላ ነበር። የሮሚዮ ጓደኛ መርኩሽዮ፣ ሮሚዮ የፈራ መሰለውና አፍሮበት እሱ ጎራዴ መዘዘ። ሮሚዮ ሊገላግል መሃል ገባ፣ ቲባልት በገላጋዩ ክንድ ሥር አሾልኮ መርኩሽዮን ወጋው፣ ሮሚዮም ጓደኛውን ሊበቀል ቲባልትን ገደለ። መርኩሽዮ እኮ ከሁለቱም ቤት አይደለም፣ የገዢው ዘመድ ነው!

ለእኔ የጠቡ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው፤ አፍ ያዘጋል። ዡልየትም ገና 14 ዓመት ሳይሞላት አባቷ ፓሪስ የሚባለውን መኳንንት አግቢ ብሎ ሲጮህባት፣ ባል አለኝ ማለት አልቻለችም። አባ ሎሬንስም ቢሆኑ ያጋቧቸው ቤተሰቦቹን ለማስታረቅ ነበር፣ ግን በምስጢር። በእኛ አገር ደም ሲደርቅ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሁሉም እያየ ነው፤ የተደበቀ እርቅ ማንን ያስታርቃል?

የሚያናድደው ደግሞ የጠቡ መነሻ አንድም ቦታ አይነገርም። የዡልየት አባት ሽማግሌው ካፑሌት ራሱ በእኛ ዕድሜ ሰላም መጠበቅ አይከብድም ይላል፣ ቤቱ ባደረገው ግብዣ ላይም ሮሚዮን አይቶ የተቆጣውን ቲባልትን ተው ብሎ የሚቆጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ጎራዴ የሚያማዝዙት አሽከሮች ናቸው፣ ያውም አንዱ አውራ ጣቱን ነክሶ ስላሳየ (እዚያ አገር ስድብ ነው)። ከእሑድ እስከ ሐሙስ መርኩሽዮ፣ ቲባልት፣ ፓሪስ፣ ሮሚዮ፣ ዡልየት ሞቱ፣ የሮሚዮ እናትም በሐዘን። ሁለቱ አባቶች ግን በሕይወት አሉ፣ መጨረሻ ላይ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው የወርቅ ሐውልት እናቆማለን ይላሉ። እኔ እዚህ ጋ ሁሌ ንድድ ይለኛል።

ጓደኛሽ አሁንም «ወረርሽኙ ነው» ካለሽ፣ መርኩሽዮ እየሞተ ምን ብሎ እንደተራገመ ጠይቂው። «ሁለቱንም ቤታችሁን መቅሰፍት ይምታው» ነው ያለው።